ልብን ልብ የማለት ታሪክ

አማርኛችን ለልብ ያደላል። ስናስተውል "ልብ አልን" እንላለን። የሚረሳው ልበ ቢስ ነው፣ የሚታገሰው ልበ ሰፊ፣ የሚጨክነው ልበ ደንዳና። ደረታችን ውስጥ የሚመታውን፣ ጡጫ የሚያክለውን ሥጋ ግን አንድ ቀን እስኪያስደነግጠን ድረስ ልብ አንለውም።

ዛሬ የምናወጋችሁ የሰው ልጅ ልብን ልብ ለማለት ስላደረገው የመቶ ዓመት ሙከራ ነው። ታሪኩ ውስጥ ስልክ አለ፣ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ አለ፣ ውሻ አለ፣ ትራስ አለ፣ መጨረሻ ላይ ፖሊስም አለ። (ዓመቶቹን የጻፍነው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልን አናሰለቻችሁም።)

ከታሪኩ በፊት አንድ ስም እናጥራ። በየዜናው "በልብ ድካም በድንገት አረፉ" ሲባል ስለምንሰማ፣ የልብ ድካም ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ድንገት መጥቶ የሚጥል ነገር ነው። ሐኪሞች የልብ ድካም የሚሉት ግን ሌላ ነው። ልቡ መምታቱን አላቆመም፤ አቅም አንሶታል። ወደ ፊት መግፋት ያቃተው ደም ወደ ኋላ ይጠራቀማል፣ ውሃው ሳንባ ውስጥ፣ ሆድ ውስጥና እግር ላይ ይተኛል። ሰውዬው ጫማው ይጠበዋል፣ ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል፣ ሌሊት ሁለት ሦስት ትራስ ካልደራረበ አየር ያጥረዋል። ክፋቱ፣ እነዚህ ምልክቶች ሲታዩ ውሃው መጠራቀም ከጀመረ ሰንብቷል። ሰውዬው ሆስፒታል የሚደርሰው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ታዲያ ባለቤቱ ራሱ ሳይሰማው፣ ልቡ መድከሙን ማን ይንገረን? የታሪካችን ሁሉ ጥያቄ ይቺ ናት።

የላይደን ሽቦ

"ከሩቅ ሆኖ ልብን መከታተል" ሲባል የዘመናችን የሞባይል ተአምር ይመስላል። አይደለም። ቪለም አይንትሆቨን የሚባል የኔዘርላንድስ ሳይንቲስት በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚጽፍ መሣሪያ ሠራ። ዛሬ ኢሲጂ የምንለው የዚያ የልጅ ልጅ ነው። አያትየው ግን ወደ 270 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ ለማንቀሳቀስ አምስት ሰው ይፈልጋል፤ ታካሚው እጁንና እግሩን የጨው ውሃ ባለበት ዕቃ ውስጥ ነክሮ ይቀመጣል። ይህን ጉድ ተሸክሞ ወደ ሆስፒታል መሄድ የማይታሰብ ነው። በሽተኛውንም ከአልጋው አንስቶ ወደ ቤተ ሙከራ ማመላለስ ያስቸግራል።

ስለዚህ አይንትሆቨን በ1905 አንድ ዘዴ ዘየደ። በላይደን ከተማ ከሆስፒታሉ እስከ ቤተ ሙከራው ያለውን አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርቀት በስልክ ሽቦ አገናኘው። በሽተኛው ሆስፒታል ተኝቶ፣ የልቡ ምት ከተማውን አቋርጦ ሄዶ ወረቀት ላይ ተጻፈ። በ1924 የኖቤል ሽልማት አገኘ። እንግዲህ ልብ በስልክ ማውራት የጀመረው ሰው ውስጥ የሚገባ ፔስሜከር ከመፈጠሩ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው ማለት ነው።

ቀጣዩ ጥያቄ ሰውዬው ከአልጋው ተነስቶ ቢሄድስ የሚል ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ ሞንታና ውስጥ ኖርማን ሆልተር የሚባል የፊዚክስ ሰው 38 ኪሎ የሚመዝን የሬዲዮ ማሰራጫ ጀርባው ላይ አዝሎ የራሱን ልብ ምት በአየር ላይ ላከ። ከግማሽ ኩንታል ሲሚንቶ ትንሽ ያነሰ ማለት ነው! ዛሬ ሐኪም "ሆልተር አድርገህ ሃያ አራት ሰዓት ዋል" ሲል የዚህን ሰው ስም እየጠራ ነው።

የጫማ ቀለም ቆርቆሮ

እስካሁን መሣሪያው ከሰው ውጭ ነበር። ወደ ውስጥ የገባው ጥቅምት 8 ቀን 1958 (ኦክቶበር 8 መሆኑ ነው) ስቶክሆልም አጠገብ በሚገኘው ካሮሊንስካ ሆስፒታል ነው። ታካሚው የ43 ዓመቱ አርነ ላርሶን ነበር። ልቡ በቀን ሃያ ሠላሳ ጊዜ እያቆመች ትጥለዋለች፤ በየጊዜው ተመትቶ፣ ተነቃንቆ ይነቃል። ሚስቱ ኤልሰ-ማሪ ጋዜጣ ላይ ያነበበችውን ይዛ ወደ ቀዶ ሐኪሙ ኦከ ሴኒንግ ሄደች። ሰው ውስጥ የሚገባ ፔስሜከር ገና የለም ተባለች። እንግዲያውስ ሥሩልኝ ብላ ችክ አለች፤ ከሐኪሙ ወደ መሐንዲሱ፣ ከመሐንዲሱ ወደ ሐኪሙ ተመላለሰች።

መሐንዲሱ ሩነ ኤልምክቪስት ጥቂት ትራንዚስተርና ከውጭ የሚሞላ ባትሪ አገጣጠመ። እነዚህን የሚሸፍን ሙጫ ማፍሰሻ ቅርጽ ሲፈልግ ያገኘው የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ነበር። ሊስትሮ ጋ የምናያትን የኪዊ ጣሳ አስቡ። የዓለም የመጀመሪያው ሰው ውስጥ የገባ ፔስሜከር መጠኑም ቅርጹም እሷ ናት።

መሣሪያው ከሰዓታት በኋላ ሞተ። ሁለተኛውም ብዙ አልቆየም። ላርሶን ግን ቆየ። በሕይወት ዘመኑ ከሃያ በላይ ፔስሜከር ቀያይሮ፣ ከመሐንዲሱም ከቀዶ ሐኪሙም በላይ ኖሮ፣ በ2001 በ86 ዓመቱ በቆዳ ካንሰር ሞተ። ልቡ አልነበረም የገደለው።

በዚያው ሰሞን አትላንቲክ ማዶ ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። በጥቅምት 1957 መጨረሻ ሚኒያፖሊስ ውስጥ መብራት ጠፋ። (መብራት መጥፋት ለኛ ዜና ባይሆንም!) የዚያን ጊዜ ፔስሜከር ግድግዳ ላይ የሚሰካ ትልቅ ሳጥን ስለነበር፣ መብራት ሲጠፋ ከልብ ቀዶ ጥገና ያገገሙ ሕፃናት ሕይወት አደጋ ላይ ወደቀ። ዶክተር ዋልተን ሊለሃይ የሆስፒታሉን ዕቃ የሚጠግነውን ወጣት ኤርል ባከንን ጠርቶ መላ በል አለው። ባከን አንድ የኤሌክትሮኒክስ መጽሔት ላይ ካየው የሙዚቃ ምት መቁጠሪያ ንድፍ ተነስቶ፣ በባትሪ የሚሠራ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ፔስሜከር ሠራ። ጋራዥ ውስጥ የተጀመረችው የባከን ድርጅት ሜድትሮኒክ ትባላለች።

እነዚህ መሣሪያዎች ሁሉ ግን ዲዳ ነበሩ። ልብን ይመታሉ እንጂ ስለ ልብ አያወሩም።

ውሻው ሠልጥኖ ነው ተባለ

ሚሼል ሚሮቭስኪ ዋርሶ ተወልዶ፣ በ1939 ጦርነቱ ሲመጣ በአሥራ አምስት ዓመቱ ከአገሩ የወጣ ልጅ ነው። ከቤተሰቡ የተረፈው እሱ ብቻ ነበር። ፈረንሳይ ሕክምና ተምሮ እስራኤል ሲሠራ፣ በ1960ዎቹ አለቃውና መምህሩ የነበረው ፕሮፌሰር ሃሪ ሄለር በልብ ምት መዛባት ሞተበት። ሚሮቭስኪ አንድ ሐሳብ ያዘው፦ ልብ ሲርበተበት ራሱ አውቆ፣ ራሱ በኤሌክትሪክ ድንጋጤ የሚመልስ መሣሪያ ደረት ውስጥ ቢቀመጥስ? በ1968 ባልቲሞር ወደሚገኝ ሲናይ ሆስፒታል ሄዶ ከዶክተር ሞርተን ማወር ጋር ሥራውን ጀመረ።

ማንም አላመናቸውም። ከሁሉ የከበደው ተቃዋሚ በርናርድ ላውን ነበር፤ ሰው ከውጭ በኤሌክትሪክ የሚነቃበትን ዘመናዊ ዘዴ የፈጠረው ራሱ ላውን። በ1972 የታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ ሐሳቡን ክፉኛ ነቀፈው። እነ ሚሮቭስኪ ታዲያ ፊልም ቀረጹ። ውሻው ይወድቃል፣ መሣሪያው ይነዝረዋል፣ ውሻው ተነስቶ ጭራውን ይቆላል። ተመልካቹ ምን ቢል ጥሩ ነው? ውሻው መውደቅና መነሳት ሠልጥኖ ነው! ስለዚህ ፊልሙን ደግመው ሲያነሱ የውሻውን ኢሲጂ አብረው አሳዩ።

በፌብሩዋሪ 4 ቀን 1980 ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ውስጥ ዲፊብሪሌተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ውስጥ ገባ። ቀዶ ጥገናውን የሠራው ሌቪ ዋትኪንስ ነው፤ በሞንትጎመሪ፣ አላባማ ያደገ፣ በልጅነቱ የሚሄድበት ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ማርቲን ሉተር ኪንግ የነበረ፣ ከቫንደርቢልት የሕክምና ትምህርት ቤት የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር ሐኪም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መሣሪያውን በ1985 ፈቀደው። በዚያው ዓመት ላውን የሚመራው የሐኪሞች ማኅበር የኖቤል የሰላም ሽልማት ወሰደ። ታሪክ አንዳንዴ ሁለቱንም ወገን ያስደስታል።

ይህ ከልብ ድካም ጋር ምን አገናኘው? አቅሙ የተዳከመ ልብ ምቱም ድንገት ይዛባል። በ2005 የወጣ፣ 2,521 የልብ ድካም ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ዲፊብሪሌተር የሞትን አደጋ በ23 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። የተዛባውን የግራና የቀኝ ምት የሚያስተካክለው ባለ ሦስት ሽቦ ፔስሜከርም በ2001 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዶ ነበር። ውጤቱ፣ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠሩ የልብ ድካም ታካሚዎች ደረት ውስጥ ሁሌም ነቅቶ የሚያዳምጥ ኮምፒውተር ተቀመጠ። አሁን የቀረው የሰማውን እንዲነግረን ማድረግ ነው።

ልብ ስልክ ሲደውል

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኒውዮርክ ውስጥ ሲሞር ፈርማን የሚባል ሐኪም የአይንትሆቨንን ዘዴ ቤት ለቤት አደረሰው። ታካሚው ምቱን ወደ ድምፅ የሚቀይር ዕቃ ላይ የስልኩን እጀታ ያስቀምጣል፤ ከማዶ ያለው ማሽን ወረቀት ላይ ይጽፋል። በዋናነት የሚፈለገው ባትሪው ማለቁን ማወቅ ነበር፤ ባትሪው ሲደክም ምቱ ዝግ ይላልና።

በ2001 ባዮትሮኒክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ታካሚው ጣቱን ሳያነሳ፣ መሣሪያው ራሱ በሞባይል ኔትወርክ በኩል በየቀኑ ወሬ የሚልክበትን ሥርዓት አመጣ። ሌሎቹም ተከተሉ። በ2004 ደግሞ ሜድትሮኒክ ውሃ የሚለካ ፔስሜከር ይዞ ቀረበ። ነገሩ ቀላል ፊዚክስ ነው፦ እርጥብ ነገር ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያሳልፋል። በደረት ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ልኮ የሚገጥመውን እንቅፋት መለካት ነው፤ እንቅፋቱ ከቀነሰ ሳንባው ውሃ እያቆረ ነው። በ2005 የታተመ፣ 33 ሰዎች የተካተቱበት የሆንግ ኮንግ ጥናት እንዳሳየው፣ እንቅፋቱ መቀነስ የጀመረው ታካሚው ሆስፒታል ከመግባቱ በአማካይ 18 ቀን ቀድሞ ነው። ታካሚው ራሱ መታመሙ የተሰማው ግን ሦስት ቀን ሲቀረው። አስራ አምስት ቀን ትርፍ! ሁሉም አጨበጨበ።

ጭብጨባው ብዙ አልቆየም። መሣሪያው ውሃ ሲያገኝ ደረት ውስጥ ሆኖ እንዲጮህ ተደርጎ በ335 ታካሚዎች ላይ ተፈተነ፤ ውጤቱ በ2011 ወጣ። ጩኸቱን የሚሰሙት ሰዎች ከማይሰሙት ይልቅ ሆስፒታል በብዛት ተኙ። ወደ ክሊኒክ የሄዱበት ጊዜ 250 ሲሆን የሌሎቹ 84 ነበር። የሞቱት ሰዎች ቁጥር ላይ ግን የረባ ልዩነት አልታየም። እስቲ አስቡት፤ እራት እየበላችሁ ደረታችሁ "ጢጥ ጢጥ" ቢል ምን ታደርጋላችሁ? እኛ ብንሆን ጉርሻውን ጥለን እንሮጥ ነበር።

ከማዶ ማን አለ?

ጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ሳምንት የሚነገረን ነገር አለ፦ መልእክት ላኪ ብቻ አይበቃውም፣ ተቀባይ ይፈልጋል። የሚቀጥሉት ዓመታት ጥናቶች የሚሉትም ይህንኑ ይመስለናል።

በ2014 የወጣ አንድ ጥናት 664 ታካሚዎችን ለሁለት ከፈለ። የግማሾቹ መሣሪያ በየቀኑ መረጃ ይልካል፣ መረጃውን የሚከታተል ማዕከል አለ፣ ችግር ሲታይ ታካሚው ጋ ይደወላል። በዓመቱ ከእነዚህ 10 ሰዎች፣ ከሌሎቹ 27 ሰዎች ሞቱ። በ2017 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ 1,650 ታካሚዎች የተሳተፉበት፣ መረጃው በየሳምንቱ የሚታይበት ጥናት ወጣ። ልዩነት የለም። ዕቃው አንድ ዓይነት ነው፤ የተለየው የሚሰማበት መንገድ ነው።

ከሰው ውጭ ባሉ ዕቃዎችም ይኸው ሆኗል። በ2010 አሜሪካ ውስጥ 1,653 ታካሚዎች በየቀኑ ክብደታቸውንና ስሜታቸውን ለስልክ ማሽን እንዲናገሩ ተደረገ፤ አልጠቀመም። በ2018 ጀርመን ውስጥ ሚዛን፣ የደም ግፊት መለኪያና ኢሲጂ ለተሰጣቸው ታካሚዎች ሐኪምና ነርስ ሃያ አራት ሰዓት ከማዶ ተቀመጡላቸው፤ ሞት ቀነሰ።

ከእነዚህ ሁሉ የረቀቀው ትራሱ ነው። ካርዲዮሜምስ ይባላል። ከወረቀት ማያያዣ ሽቦ የማይበልጥ፣ ባትሪ የሌለው ሴንሰር በእግር ደም ሥር በኩል ገብቶ ወደ ሳንባ የሚወስደው ደም ቅዳ ውስጥ ይቀመጣል። ታካሚው ጠዋት አንቴና ያለበት ትራስ ላይ ይተኛል፤ ትራሱ በሬዲዮ ሞገድ ሴንሰሩን ይቀሰቅሰዋል፤ የግፊቱ ልክ ወደ ክሊኒክ ይሄዳል። ግፊቱ ከፍ ካለ ነርሷ ደውላ "ላሲክሱን ጨምር" ትላለች። በቃ። ሙሉ ሥራው ይኸው ነው። በ2011 በታተመው፣ 550 ታካሚዎች በተሳተፉበት ጥናት ሆስፒታል መግባት በስድስት ወር ውስጥ በ28 በመቶ ቀነሰ። ያም ሆኖ ተቆጣጣሪዎቹ ጥያቄ አንስተው በ2014 ነው የፈቀዱት። በ2021 ሺህ ሰዎች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ዋናውን ግብ ሳይመታ ቀረ፤ በ2023 ኔዘርላንድስ ውስጥ በ348 ሰዎች ሲሞከር ግን ሆስፒታል መግባት በ44 በመቶ ቀነሰ። የአይንትሆቨን አገር አሁንም ልብን ከሩቅ ትሰማለች።

በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች መመሪያ ለሺህ ታካሚ ቢያንስ ሦስት የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ይመደብ ይላል። ከብዙ ቴክኖሎጂ በኋላ የደረስንበት ምክር ሰው ቅጠሩ የሚል ነው።

ልቡ የኔ፣ ወሬው የማን?

ተቀባዩ ግን ሁሌ ነርስ አይደለም። በ2017 ኦሃዮ ውስጥ አንድ ሰው የራሱን ቤት አቃጥለሃል ተብሎ ተከሰሰ። ፖሊስ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የፔስሜከሩን መረጃ አወጣ፤ አንድ የልብ ሐኪም የልብ ምቱ ከሰጠው ቃል ጋር አይሄድም አለ። ዳኛው መረጃው በማስረጃነት እንዲቀርብ ፈቀዱ። ሰውዬው ፍርድ ሳያገኝ ሞተ። ልቡ መሰከረበት ማለት ለካ ተረት አይደለም!

የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ዲክ ቼኒ በ2007 ዲፊብሪሌተራቸው ሲቀየር ሰብሮ የሚገባ ጠላት እንዳይኖር ሐኪማቸው ገመድ አልባ ግንኙነቱን አስዘግቶታል፤ የተነገረው በ2013 ነው። ስጋቱ የሹም ቅንጦት ብቻ እንዳልነበረ በ2017 ታየ፤ 465 ሺህ ያህል ፔስሜከሮች የደኅንነት ቀዳዳቸውን የሚደፍን ሶፍትዌር እንዲጫንባቸው ማሳሰቢያ ወጣ። በሌላ በኩል፣ ከራሳቸው ደረት የሚወጣውን መረጃ ራሳቸው ማየት ያልቻሉ ታካሚዎች ለዓመታት ጮኸዋል። ኩባንያው ያየዋል፣ ሐኪሙ ያየዋል፣ ፖሊስም ሊያየው ይችላል፤ ባለ ልቡ ግን ወረፋ ይጠብቃል።

ወደ ሰፈራችን ስንመለስ

እኛ አገር የልብ ድካም የሚያመጣው አንዱ ትልቅ ምክንያት በልጅነት በደንብ ካልታከመ የቶንሲል ሕመም የሚነሳው የሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። ስለዚህ ብዙ ታካሚዎቻችን ወጣቶች ናቸው፤ ለእነሱ ከትራሱ በፊት ፔኒሲሊን ይቀድማል። ለፔስሜከርም ቢሆን ድሃ አገሮች ሌላ መንገድ እየተሞከረላቸው ነው። ከሟቾች ወጥተው፣ ተፈትሸውና ንጹሕ ተደርገው የተላኩ መሣሪያዎችን የመረመረ ጥናት በ2020 ወጥቶ፣ 1,051 ተቀባዮች ላይ የታየው ኢንፌክሽን አዲስ ከገባላቸው ሰዎች ጋር የረባ ልዩነት እንደሌለው አሳይቷል። በ2024 ደግሞ ኬንያን፣ ናይጄሪያንና ሴራሊዮንን ጨምሮ በሰባት አገሮች ወደ 300 በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተደረገው ሙከራ ተመሳሳይ ውጤት ይዞ ቀረበ።

ሕጉስ? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጃችን (ቁጥር 1321/2016፣ ይቺኛዋ በኛ አቆጣጠር ናት) የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት መካከል አስቀምጦታል። ወረቀቱ አለ ማለት ነው። ልባቸው የሚያወራ ሰዎች በብዛት ሳይኖሩን ሕጉ ቀድሞ መምጣቱ ከተለመደው ወጣ ያለ ነገር ነው፤ እናመስግን።

እኛ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የወሰድነው ግን ዋጋው ርካሽ የሆነውን ነው። ሚዛን ውድ አይደለም፤ ስልክም አለን። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ክብደቱ ድንገት ሁለት ኪሎ የጨመረ የልብ ድካም ታካሚ ውሃ እያጠራቀመ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ለማወቅ ሴንሰር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው "ዛሬ ስንት መዘኑ እማዬ?" ብሎ የሚደውል ልጅ፣ ቁጥሩን ተቀብሎ መድኃኒቱን የሚያስተካክል የጤና ባለሙያ ነው። ጤና ጣቢያዎቻችን ውስጥ የዚህ ዓይነት ስልክ የሚያነሳ አንድ ሰው መመደብ ስንት ያስወጣል? የጤና በጀት ላይ የምትሠሩ አንባቢዎቻችን ካላችሁ፣ ሒሳቡን ሠርታችሁ ብትነግሩን ደስ ይለናል።